ቢጫው ሁሉ አደይ አይደለም፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የኪስ ሌንስ ግምገማ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ግዙት። አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የሚታጠፍ፣ ኪስ የሚገባ ሌንስ ነው። ዋጋው አንድ ኪሎ ጥሩ ማር ከሚገዛበት ብር ያነሰ ነበር። መስታወቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ሲታጠፍ የብረት ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ጫፉ ላይ ገመድ ማሰሪያ ቀዳዳ አለው። ዕቃው ይኸው ነው። ባትሪ የለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ ተማሪ ቢጫ አበባ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ ይኸው አደይ!» አደይ ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ግን ብዙው መጭ የሚባለው የማሳ ዳር ተክል ነው። ትንሽ ቆይቶ ጥቅምት ሲገባ ኑግም ይጨመራል፣ ከሰው ማሳ ዳር የተቀነጠሰ። ሦስቱም ቢጫ፣ ሦስቱም ዳር ዳሩን ሰፋ ያለ ፔታል ያላቸው፣ ሦስቱም ከሱፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ። ከሩቅ ላየ ሰው ልዩነታቸው ምኑም አይደለም።

ከሌንሱ በፊት በስልክ ሞክሬአለሁ። ፎቶ ሲያነሱበት ስም የሚነግር መተግበሪያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ለጽጌረዳና ለባሕር ዛፍ ጎበዝ ነው። እነዚህ ቢጫዎች ላይ ሲደርስ ግን ይቀባጥራል። አንዱን ተክል ከላይ ሳነሳው አንድ ስም ይሰጠኛል፣ ከጎን ሳነሳው ሌላ። ደግሞ የሚናገርበት ድፍረት! አንድም ቀን «እንጃ» ብሎኝ አያውቅም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሰው አበባን ፎቶ የሚያነሳው ከፊት ለፊት ነው። የእነዚህ ተክሎች ልዩነት ያለው ግን ከአበባው ኋላ፣ ከግርጌውና ከፍሬው ላይ ነው። ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ ላይ ማለት ነው።

ሌንሱ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚያወጣው።

አያያዙን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሌንስ የማይረባ የሚመስለው አያያዙን ባለማወቅ ነው። ፊልም ላይ እንዳለ መርማሪ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አትያዙት። ሌንሱ ዓይን ሥር ነው የሚሆነው፣ ቅንድብ ሊነካ እስኪደርስ። ከዚያ አበባውን ወደ ሌንሱ ታመጣላችሁ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ላይ ነው። ሌንስ የያዘው እጅ ጉንጭ ላይ፣ አበባ የያዘው እጅ ደግሞ ሌንስ በያዘው እጅ ላይ ይደገፍ። እጅ መንቀጥቀጡ ያኔ ይቆማል። ፊታችሁን ወደ ብርሃን አዙሩ፤ የራሳችሁ ጥላ አበባው ላይ ካረፈ ምንም አታዩም።

አሁን ወደ አበባው። መጀመሪያ የሚገባችሁ ነገር አንድ አበባ የምትሉት አንድ አበባ አለመሆኑ ነው። አንድ ራስ ላይ ብዙ ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ዳር ላይ ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ ሰፊ ቢጫ ምላስ ያወጣሉ፤ እሱን ነው ፔታል የምንለው። መሀል ያሉት ትንንሽ ቱቦዎች ናቸው። በሌንስ ስታዩት እያንዳንዷ ቱቦ አምስት ጥርስ አላት፤ ከመሀሏም ሴቴው ክፍል ፖለኑን፣ የአበባውን ዱቄት፣ እየገፋ ብቅ ይላል። ይህን አይቶ «ዋው!» ያላለ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እንኳ ወረፋ ይይዛሉ።

አደይንና መጭን መለየት ቀላሉ ፈተና ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሌንስም አይፈልግም። ቅጠል እዩ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ክር እስኪመስል። የመጭ ቅጠል ያልተከፈለ ነው፣ ዘንግ ሳይኖረው ግንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሲዳሰስም ይሻክራል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ዳር ቆመው ሲያስረዱኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ቅጠሉን በጣታቸው ያሹት። «እቴ፣ ይሄ እኮ በእጅ ነው የሚታወቅ» አሉኝ። ሌንሱን ስሰጣቸው ግን ቶሎ አልመለሱልኝም።

ሌንሱ የሚጨምረው ሁለተኛውን ማስረጃ ነው። አበባውን ገልብጡት። መጭና ኑግ ከራሱ ሥር አምስት ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ማቀፊያዎች አሏቸው፣ ትንንሽ ቅጠል የሚመስሉ። የአደይ የውጭ ማቀፊያዎች ጠበብ ያሉ ናቸው። ከዚያ አንዷን ትንሽ አበባ በመርፌ ንቀሏትና ግርጌዋን እዩ። መጭና ኑግ የቱቦው ግርጌ ላይ ጸጉር አላቸው። ፍሬያቸው አናቱ ላይ ግን ምንም የለውም፤ ራሰ በራ ነው። በዓይን ብቻ ይህን ማየት አይቻልም፤ በሌንስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ጥቁር መርፌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጭጎጎት የሚሉት አሉ፣ የሰይጣን መርፌ የሚሉትም አሉ። ያ አረም የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይንሱ ሁለቱንም ባይደንስ በሚባል ወገን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የጭጎጎትን ፍሬ በሌንስ ተመልከቱት። አናቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀንዶች አሉ፤ ቀንዶቹ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የታጠፉ እሾሆች። ሱሪያችሁ ላይ ገብቶ አልወጣ የሚለው በነሱ ነው። አረሙ መነሻው አሜሪካ ነው፤ አደይ ደግሞ የኛው ደጋ ልጅ። የሁለቱን ዝምድና ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ቅር ይላቸዋል። እንቁጣጣሽ ከጭጎጎት ጋር መዛመዷ አልዋጥ ይላቸዋል።

ከባዱ ፈተና መጭና ኑግ ናቸው። ሌንሱን በደንብ የፈተንኩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሁለቱም ጊዞሺያ የሚባል ወገን ናቸው። ትንሽ ወገን ነው። አንዲት የዴንማርክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጥናት በስድስት ዝርያ ከፈለችው። ከስድስቱ አምስቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይበቅላሉ። ከነሱ ውስጥ ለእርሻ የተመረጠው ኑግ ብቻ ነው፤ የቀሩት የዱርና የማሳ ዳር ተክሎች ናቸው። ስድስቱም 30 ክሮሞዞም፣ ማለትም በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዙ ክሮች፣ አላቸው። ይህ ቁጥር ተራ ነገር አይምሰላችሁ። በብዙ ተክሎች ዘንድ የክሮሞዞም ቁጥር መለያየት በዘመዳሞች መካከል አጥር ይሠራል። እዚህ አጥሩ የለም።

መጭ የምንለው ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ስካብራ የሚባለው ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያ አለው። አንዱ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ነው፤ እሱም ራሱ ስካብራ ይባላል። ሌላው በአንድ ወቅት በቅሎ አብቦ የሚያልቅ፣ ሺምፐሪ የሚባል ነው። በየጤፉና በየኑጉ ማሳ ገብቶ ገበሬውን የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ሺምፐሪ ነው። ንብ አርቢው ደግሞ ይወደዋል፤ የመጭ ማር የሚባለው ከዚሁ ነው። አንዱ የሚረግመውን አንዱ ይመርቃል።

የሚገርመው ዝምድናቸው ነው። ሺምፐሪ በመዝገብ የስካብራ ወንድም ተብሎ ተጽፏል። ክሮሞዞማቸውን፣ ድቅላቸውንና ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውን የመረመሩ ሰዎች ግን ለኑግ በጣም ቅርብ ሆኖ አገኙት። ኑግም የተገኘው ከሱ እንደሆነ ይታመናል። የዛሬ ስንት ሺህ ዓመት የደጋው ገበሬ ከዱር መጭ ውስጥ ፍሬው ወፈር ያለውን፣ ቶሎ የማይረግፈውን እየመረጠ ሲዘራ፣ ሲመርጥ፣ ሲዘራ ኑግ ወጣ። ሁለቱን ስታዳቅሏቸው የሚወለደው ዲቃላም መካን አይደለም፤ ዘር ይሰጣል። በዚያ ላይ ኑግ በራሱ ፖለን ፍሬ አይዝም። ከሌላ ተክል በንብ መምጣት አለበት። ንቧ ደግሞ ማሳና አረም አትለይም። ከኑጉ ወደ መጭ፣ ከመጭ ወደ ኑጉ ትመላለሳለች።

እንግዲህ ሌንሱ ምን ያሳያል? ፍሬውን። የደረሰ የኑግ ፍሬ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነው። የመጭ ፍሬ በጉልህ ያንሳል። ገበያ የተሸመተ ኑግ ነጭ ወረቀት ላይ ብትንትን አድርጋችሁ በሌንስ ብታዩት ውስጡ የገባውን የመጭ ፍሬ ትለቅማላችሁ። ክፍል ውስጥ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ዝናብ ቢዘንብም ይሠራል፣ ሜዳ መውጣት አያስፈልገው። ለዘር የሚሆን ኑግ የምትመርጡ ሰዎች ካላችሁ ለናንተም ይጠቅማል።

ግን ማሳ ዳር ሄዳችሁ ኑግም መጭም ያልሆነ፣ መሀል ላይ የቆመ ተክል ብታገኙ ሌንሱን አትውቀሱ። ተክሉ ራሱ አልወሰነም። ዝግመተ ለውጥ ያለቀ ጉዳይ ይመስለናል፤ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል ቅርንጫፎቹን ለየብቻ ስለሚያሳይ። እዚህ ግን ቅርንጫፎቹ ከተለያዩ በኋላም በንብ እግር እየተጎተቱ ይገናኛሉ። ሃያ እጥፍ፣ መቶ እጥፍ ብታጎሉትም ይህን ጉዳይ መስታወት አይፈታውም።

አደዮቹ እርስ በርሳቸውስ? አደይ ስንል አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚሰጠው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ለሚባለው ዝርያ ነው። ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያም በየቦታው አደይ ይባላሉ። በፔታል ለመለየት መሞከር ድካም ነው። የፔታሉ ርዝመት እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ቅጠሉም ቢሆን በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙ መልክ አለው። ፍሬው ነው ዳኛው። ማክሮፕቴራ ፍሬው ዳርና ዳር ሰፊ፣ ስስ ክንፍ አለው። የፓኪሎማ ጠርዝ ደደር ይላል። ይህን ለማየት አሥር እጥፉ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ሁላችንም አደይ የምናየው መስከረም ላይ፣ ፔታሉ ሲደምቅ ነው። ፍሬው የሚደርሰው ግን በኋላ፣ ሜዳው ቡናማ ሆኖ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጊዜ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ያያችሁበትን ቦታ ልብ በሉና ህዳር ላይ ተመለሱ። የደረቀውን ራስ ወረቀት ውስጥ አራግፉ። ለዚህ ሥራ መተግበሪያው ጨርሶ አይረዳም፤ የደረቀ ራስ ሳሳየው ያልሆነ አገር አበባ ስም ነው የሚጠራው።

ሊቃውንቱም በዚህ ወገን ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ዛሬ ባይደንስ ከምንላቸው የአፍሪካ ዝርያዎች ብዙዎቹ ቀድሞ ኮርዮፕሲስ በሚባል ሌላ ወገን ሥር ነበሩ። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካዎቹን እ.ኤ.አ. በ1984 በደንብ ያጠናው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው፤ በ1993 ደግሞ የመላው አፍሪካን አደራጅቶ አወጣ። ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር ደግሞ ባይደንስና ኮርዮፕሲስ የሚባሉት ሁለት ንጹህ ቅርንጫፎች እንዳልሆኑ ታየ፤ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። የሃዋይ ደሴቶች ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። እዚያ 19 የባይደንስ ዝርያዎች አሉ፣ ሁሉም ከአንድ እንግዳ ዘር የተባዙ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። መልካቸው በጣም የተራራቀ ነው፤ ረግረግ ላይ የሚተኛ አለ፣ የድንጋይ ዳር ላይ የሚበቅል አለ። ስታዳቅሏቸው ግን ሁሉም ይወልዳሉ። እኛ ጋ መልካቸው ተቀራርቦ ዝምድናቸው ያጨቃጭቃል፤ እዚያ ዝምድናቸው ተቀራርቦ መልካቸው ተራራቀ። መልክን አይታችሁ ዝምድና አትፍረዱ የምለው ተማሪዎቼን ለማስፈራራት አይደለም።

የጠለቀ ነገር የፈለገ ሰው ሌንሱን ብቻውን ይዞ ሩቅ አይሄድም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ፣ ፍሎራው፣ የአደይን ቤተሰብ የያዘ ክፍል አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። በእንግሊዝኛ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ደረቅም ነው። ግን ጥያቄዎቹ ሁሉ ሌንስ በእጁ ላለ ሰው የተጻፉ ናቸው፦ ክንፍ አለው የለውም፣ ጸጉር አለው የለውም። አራት ኪሎ፣ ቀድሞ ሳይንስ ፋኩልቲ ይባል በነበረው ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ ደግሞ የደረቁ ናሙናዎች አሉ። የያዛችሁትን ከነሱ ጋር ማስተያየት የሚተካ ነገር የለም።

አሁን የዕቃውን ጉድለት። የማጠፊያው ብሎን ይላላል። ጥሩ ሠሪ ብሎኑን ማጥበቅ እንዲቻል አድርጎ ነው የሚሠራው፤ የኔ የተቀጠቀጠ ስለሆነ መጥበቅ አይችልም። ስለዚህ መስታወቱ ከሽፋኑ እየወጣ ኪሴ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ይተሻሻል። አንድ ጭረት አለው፣ ዳር ላይ ስለሆነ አይረብሽም። ዳር ዳሩ ላይ ቀለም ይረጫል፣ ሐምራዊ ነገር። ሦስት መስታወት የተጣበቀበት ዓይነት ይህ የለበትም፣ ግን ውድ ነው፤ ለትምህርት ቤት አያስፈልግም። አብሮ የመጣው ገመድ ቶሎ ተበጠሰ፤ የጫማ ክር ተካሁበት።

ስትገዙ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። «60 እጥፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ዕቃ ብዙ ነው። 60 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ አበባውን ዓይናችሁ ውስጥ ልትከቱት እስኪደርስ መቅረብ ነበረበት። አንድ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለውን በእጄ ይዤ አየሁት፤ ማጉላቱ ከኔው ባለ አሥር እጥፍ ሌንስ እንኳ ያነሰ ነበር። ሻጩ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ ይከራከረኛል። መፈተኛው ቀላል ነው። ዓይናችሁን ሌንሱ ላይ አስጠግታችሁ ከጋዜጣ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሱትና ፊደሉ ጥርት የሚልበትን ርቀት እዩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ አሥር እጥፍ ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ከሆነ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

እውነተኛ ሃያ እጥፍም አለ። አይቼዋለሁ፤ ለሜዳ አልመክረውም። የሚታየው ቦታ ይጠብባል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ያጥራል፣ ነፋስ ትንሽ ሲነካው አበባው ከዓይን ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሁን።

ለክፍል ከሆነ አንድ ጥሩ ሌንስ ገዝታችሁ ከማዞር አምስት መካከለኛ ግዙ። አንድ ሌንስ ለብዙ ተማሪ ጫጫታ ነው። መብራት ያለውን ዓይነት ተዉት፤ ክብ ባትሪው ሲያልቅ የሚሸጥበትን ሱቅ ስትፈልጉ አደዩ ይረግፋል።